ላምዓሣ

ላምዓሣ (በሳይንሳዊ ስሙ ላክቶሪያ ኮርኑታ) በቀይ ባሕር፣ በሕንድ ውቅያኖስና በሰላማዊ ውቅያኖስ ሞቃት ውኃዎች የሚኖር የዓሣ ዝርያ ነው። ለሳይንስ መጀመሪያ የገለጸው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ነበር። ስሙን ያገኘው ከዓይኖቹ ፊት ለፊት ከሚወጡት ሁለት ቀንዶች ነው። ሌሎች ሁለት ቀንዶች ደግሞ ከሆዱ በታች ወደ ኋላ ያመለክታሉ። ርዝመቱ እስከ 46 ሴንቲሜትር ይደርሳል።

አካልና አዋዋኝ

ስድስት ጎን ያላቸው ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ተጋጥመው ጠንካራ ሣጥን ስለሚሠሩ፣ ላምዓሣ እንደ ሌሎች ዓሦች ሰውነቱን እያጠፈ መዋኘት አይችልም። ትንንሽ ክንፎቹን እያርገበገበ በዝግታ ይሄዳል፤ ጅራቱን በብዛት የሚጠቀመው ሲሸሽ ነው።

አመጋገብ

ምግቡን የሚፈልገው ከባሕር ወለል ላይ ነው። በትንሽ አፉ ውኃ ወደ አሸዋው እየተፋ አሸዋውን ይገልጥና የተደበቁ ትሎችን፣ ትንንሽ ሸርጣኖችንና ቀንድ አውጣዎችን ይለቅማል። ስፖንጅና አልጌም ይበላል።

ጠባይ

ያደጉት አብዛኛውን ጊዜ ለብቻቸው ይኖራሉ፤ ግልገሎቹ ግን አንዳንዴ በትንንሽ ቡድን ይታያሉ። ሲያዝ የማጉረምረም ድምፅ ያሰማል። ፍጥነት ስለሌለው ራሱን የሚከላከለው በሣጥኑ፣ በቀንዶቹና ሲጨነቅ ከቆዳው በሚያመነጨው መርዝ ነው።

በአኳሪየም ውስጥ

ላምዓሣ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ገዢው በኋላ ምን ያህል ሰፊ ገንዳ እንደሚያስፈልገው ላይገምት ይችላል። ፈጣን ዓሦች ምግቡን ስለሚቀድሙት አብረውት የሚኖሩት ረጋ ያሉ ቢሆኑ ይመረጣል። የተከተፈ ሽሪምፕ፣ የባሕር ዛጎል ሥጋና አልጌ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ደጋግሞ ይሰጠዋል። ከጊዜ በኋላ መጋቢውን ይለምድና ከእጁ ይበላል።

ትልቁ አደጋ መርዙ ነው። በባሕር ውስጥ መርዙ በሰፊው ውኃ ይበተናል። በተዘጋ ገንዳ ውስጥ ግን መውጫ ስለሌለው ሌሎቹን ዓሦች፣ አልፎ አልፎም ራሱን ላምዓሣውን ይገድላል። ስለዚህ የሚነክሱና የሚያሳድዱ ዓሦች ከእርሱ ጋር አይቀመጡም። ቢታመም ወይም ቢሞት ሳይዘገይ ከገንዳው ማውጣት፣ ውኃውንም መቀየርና በገቢር ከሰል ማጣራት ያስፈልጋል።