ቁጥብ አኒሜሽን በቴሌቪዥን ካርቱን ታሪክ

ቁጥብ አኒሜሽን ገጸ ባሕርያትን በጥቂት ሥዕሎች የማንቀሳቀስ ስልት ነው። በሲኒማ ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ፍሬሞች ያልፋሉ፤ ለሲኒማ ቤት በጥንቃቄ የሚሠሩ ካርቱኖችም ለዚህ 12 ወይም 24 ሥዕሎች ይሣሉላቸው ነበር። በቁጥብ አኒሜሽን ግን አንድ ሥዕል ለብዙ ፍሬሞች ይቆያል፤ ገጸ ባሕርይው ሲናገርም የሚንቀሳቀሰው አፉ፣ ዐይኑ ወይም እጁ ብቻ ነው።

ስልቱን የወለደው የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። ዩፒኤ የተባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ ተፈጥሮን የሚመስለውን የዲዝኒን አሣሣል ትቶ ጠፍጣፋ ቅርጽንና ቀለል ያለ መስመርን መርጦ ነበር። በዚህ ስልት የሠራው የ1950ው «ጄራልድ ማክቦይንግ-ቦይንግ» ኦስካር አሸንፏል።

ቁጠባውን ግዴታ ያደረገው ቴሌቪዥን ነው። የፊልም ኩባንያው ኤምጂኤም በ1957 የካርቱን ክፍሉን ሲዘጋ፣ በ«ቶም እና ጄሪ» ሰባት ኦስካር ያስገኙለት ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ የራሳቸውን ስቱዲዮ ከፈቱ። ቀድሞ ለአንድ አጭር ካርቱን ከ30,000 ዶላር በላይ ይመደብላቸው ነበር፤ ለመጀመሪያው የቴሌቪዥን ሥራቸው «ራፍ ኤንድ ሬዲ» የተሰጣቸው ግን በክፍል 3,000 ዶላር ገደማ ነው።

መፍትሔው ከአሠራሩ ተገኘ። ጭንቅላትና ገላ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ላይ ለየብቻ ተሣሉ፤ ዮጊ ድብ የተባለው ገጸ ባሕርያቸው ኮሌታና ክራባትም መጋጠሚያውን ይሸፍኑ ነበር። አንድ የአረማመድ ዑደት በየክፍሉ ተደጋገመ፤ ከሯጩ በስተጀርባ ያው ዛፍና ያው ቤት ተመላለሱ። ግጭት ከእይታ ውጭ ይደርስና ድምፁ ብቻ ይሰማል።

እንቅስቃሴው ሲቀንስ ሸክሙ በጽሑፍና በድምፅ ላይ ወደቀ። ዳውስ በትለር በድምፁ ሕይወት የሰጠው የስቱዲዮው «ሃክልቤሪ ሃውንድ» በ1960 ኤሚ ተሸለመ፤ በዚያው ዓመት የዚሁ ስቱዲዮ «ፍሊንትስቶንስ» በምሽት ለመላው ቤተሰብ መቅረብ ጀመረ። ተቃዋሚም አልጠፋም፤ ዕውቁ ዳይሬክተር ቸክ ጆንስ እንዲህ ያሉትን ሥራዎች ሥዕል ከታከለበት ሬዲዮ ለይቶ አላያቸውም። ትችቱ ጽሑፋቸው ደካማ ለሆኑት ይገባቸዋል፤ ቀልዱና ተዋናዩ ሲበረቱ ግን የሥዕሉ ማነስ አይጎላም።

ጃፓናዊው ኦሳሙ ቴዙካ በ1963 «አስትሮ ቦይ»ን በጥቂት ሥዕሎች ለሳምንታዊ ሥርጭት ሲያደርስ፣ የቆመን ሥዕል በካሜራ እንቅስቃሴና በፈጣን ቅንብር ነፍስ ዘራበት። የጃፓን የቴሌቪዥን አኒሜም በዚሁ መሠረት ላይ አደገ።