ፕላዝማው ማንን ይጠብቃል?

በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ሲገባ የእኛ ባች ገና መመደቡ ነበር። ታስታውሱታላችሁ፤ ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል፣ ሒሳቡም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ሰዓት ለመላ አገሪቱ። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ቴሌቪዥኑ ይወስደዋል። ለመምህሩ የምትቀረው መግቢያና መውጫው ላይ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ናት።

የሚገርመው ጊዜው ነው። ያኔ የመምህራን ሥልጠና ተከልሶ ከግቢ የወጣነው «ተማሪ ተኮር» የሚለውን ሸምድደን ነው፤ ፒያዤ፣ ቪጎትስኪ፣ ተማሪው ዕውቀትን ራሱ ይገነባል ምናምን። ክፍል ስንገባ የጠበቀን ግን ጥያቄ የማይሰማ ስክሪን ነው። መልመጃ ይሰጥና ጥቂት ሰከንድ ቆጥሮ፣ የኋላ ወንበር ያለው ልጅ እስኪርቢቶውን ሳያነሳ መልሱን ያወጣዋል።

ይህን «ቢሄቪየሪዝም ነው» የሚሉ አሉ። ስኪነርን መበደል ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1958 ሳይንስ መጽሔት ላይ ስለ ማስተማሪያ ማሽኖች ሲጽፍ አንዱ መከራከሪያው እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ፍጥነት ይሂድ የሚል ነበር። የእሱ ማሽን ልጁ እስኪመልስ ይጠብቃል። ከሳተላይት የሚወርደው የእኛ ፕላዝማ ማንን ይጠብቃል?

በዚያው የትምህርት ዓመት፣ ካናዳ ውስጥ ጆርጅ ሲመንስ «ኮኔክቲቪዝም» ያለውን ሐሳብ ይዞ ወጣ። ዕውቀት ያለው በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ አይደለም፣ ሰውንና መሣሪያን በሚያገናኘው መረብ ውስጥም ነው፤ መማር ማለት ያን መረብ መዘርጋት ነው ይላል። ቲዎሪ ለመባል አይበቃም ያሉት ብዙ ናቸው፤ እኔም ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2008 ከስቲቨን ዳውንስ ጋር በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ በሰጡት ኮርስ ከፍለው የተመዘገቡት 25 ያህል ሲሆኑ፣ በነጻ በኢንተርኔት የገባው ከ2,000 በላይ ነበር።

እኛ ዘንድ ሐሳቡ በተግባር የመጣው በ2012 ዓ.ም.፣ ኮሮና ግቢውን ሲዘጋ ነው። ማንም ሳያዘጋጀው ተማሪዎቼ ቴሌግራም ላይ ተሰባሰቡ። አንዱ የመልመጃ ፎቶ ይልካል፤ እኔ ከማየቴ በፊት ሦስቱ መልሰዋል፣ አንዱ ተሳስቷል፣ ሌላው አርሞታል። ፕላዝማው የነፈገንን ነገር ልጆቹ በስልክ ሠሩት። ኔትወርክ የሌለው ቀበሌ የገባችው ጎበዟ ተማሪዬ ግን ያን ሁሉ ውይይት ያነበበችው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ለገበያ ወረዳ ከተማ ስትወጣ ነው።