ቅዳሜን ለአንባቢ የሰጠ ጋዜጣ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ጋዜጣ፣ ስለ አዲስ አድማስ ነው። እኔ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነኝ፤ ቤቴም አዲስ አበባ፣ ገርጂ ነው። አዲስ አድማስ 25 ዓመት ሲሞላው ዝም ብዬ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ውለታ አለብኛ!

ነገሩ የተጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው። ያኔ የቀለበት መንገዱ ገና እየተሠራ ነበር፤ አዲሱ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች ማስተናገጃም አልተከፈተም። ክረምት ሲገባ የገርጂ ሰው ቦት ጫማ አድርጎ እስከ አስፋልቱ ይወጣል፤ እዚያ ሲደርስ ጫማ ይቀይርና ታክሲ ይይዛል። በዚያ ዘመን አሰፋ ጎሳዬ የሚባል ሰው ተነሣና ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጣ ጋዜጣ አቋቋመ።

ጋዜጣስ ሞልቶ ነበር። የ1985ቱ የፕሬስ ዐዋጅ ከወጣ ወዲህ በየማዕዘኑ የሚሸጠው ወረቀት ብዛቱ ለጉድ ነው። አብዛኛው ግን ፖለቲካ ነው፤ ያውም የሚንቀለቀል ፖለቲካ። አባት ያነብበዋል፣ ይናደዳል፣ ያስቀምጠዋል። እናትና ልጆች ዘወር ብለውም አያዩት። አዲስ አድማስ ቤተሰቡን በሙሉ አስቦ መጣ። ዜናው አለ፣ ጤናው አለ፣ የጥበብ ገጹ አለ፣ የጸሐፍት ጥግ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ልብ በሉልኝ፣ ለልብ ወለድ ቦታ አለ! አንድ ጋዜጣ ከውድ ገጹ ላይ ቆርሶ ስሙ ላልታወቀ የአጭር ልብ ወለድ ጸሐፊ ሲሰጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ደጅ የጠና ብቻ ነው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ መገናኛን አስታውሱ። የግማሽ ቀን ሥራ የጨረሰው ለታክሲ ተሰልፏል። አዟሪው ጋዜጦቹን በክንዱ ላይ ደርድሮ በሰልፉ መሀል ያልፋል። መግዛት ያልሞላለት ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በኪራይ ያነብባል፤ ጠርዙ እንዳይታጠፍ ተጠንቅቆ ይመልሳል። አንዱ ቀጥታ ወደ ሥራ ማስታወቂያው ነው። ሌላው የኤፍሬም እንዳለን «እንጨዋወት» ዓምድ ሳያነብ ሌላ ገጽ አይገልጥም። በዓምዱ ላይ ምስኪኑ ሐበሻ ወደ አንድዬ ቀርቦ የኑሮውን ብሶት ሲዘረግፍ፣ ሰልፈኛው ለብቻው ይስቃል። አጠገቡ ያለው «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል። ከዚያ አንዱ ጮክ ብሎ ያነብላችኋል፤ ሰልፉ ሁሉ ጆሮ ይሆናል።

አሁን ወደ ትልቁ ሰው ልምጣ፤ ወደ ነቢይ መኮንን። ገጣሚ ነበር፣ ተርጓሚ ነበር፣ የአዲስ አድማስም ዋና አዘጋጅ ነበር። በደርግ ጊዜ ታሰረ። እዚያ እስር ቤት የማርጋሬት ሚሼልን ረጅም ልብ ወለድ አገኘ፤ በ1936 በአሜሪካ የታተመውን፣ ስለ ርስ በርስ ጦርነታቸው የሚተርከውን። ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ አለ። ወረቀት ከየት ይምጣ? ከሲጋራ ፓኮ! ከፓኮው ውስጥ ያለችውን ስስ ወረቀት እያወጣ፣ በደቃቃ ፊደል እየጻፈ፣ 3,000 ያህል ቁራጭ ሞላ። የሚፈቱ እስረኞች ቁራጮቹን ደብቀው እያወጡ ከውጭ አደረሱለት። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ መጽሐፍ ሆነ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ነጻ ወጥቶ የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ ይጽፍ የነበረው። ርዕሰ አንቀጽ ስትሉ ደረቅ ነገር ይታያችሁ ይሆናል። የሱ እንዲያ አልነበረም። በተረት ይጀምር ነበር። አንበሳና ቀበሮ፣ ንጉሥና አሽከር፣ ባልና ሚስት ይመጣሉ። ተረቱን እስከ ጥግ ይተርክላችኋል። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አገር ጉዳይ ያሻግራችኋል፤ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ መደማመጥ። ሲጨርስ ደግሞ የወላይታ ወይም የጉራጌ ምሳሌያዊ አነጋገር ያቀብላችኋል። ከሳምንት ሳምንት፣ ከዓመት ዓመት እንዲህ ነበር። ባለሥልጣኑም ያነብበው ነበር፣ ዘበኛውም ያነብበው ነበር፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ይወስዱ ነበር። እኔ ስለ ትረካ የማውቀውን ብዙውን የተማርኩት ከዚያ ዓምድ ነው፤ ነገር በቀጥታ የማይገባበት በር ላይ ተረት እንዴት እንደሚገባ። ነቢይ በ2016 ዓ.ም. አረፈ። ያን ዓምድ በሚገባ ሰብስቦ፣ በየዓመቱ ከፋፍሎ በመጽሐፍ መልክ ማኖር ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሚገባ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደግሞ ልብ ወለድና ጋዜጣ መወዳጀታቸው እንግዳ እንዳይመስላችሁ። የአማርኛ ልብ ወለድና የጋዜጣ አዘጋጁ ጠረጴዛ አብሮ አደግ ናቸው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በዚያ ደጅ ስንቱ አለፈ! «የቴዎድሮስ እንባ»ን የጻፈው ብርሃኑ ዘርይሁን አዲስ ዘመንን በዋና አዘጋጅነት መርቷል። በዓሉ ግርማ በመነን መጽሔትም በአዲስ ዘመንም አዘጋጅ ነበር፤ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳትሞ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እነዚህ ሰዎች ቀን የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ ውለው ሌሊት የራሳቸውን የጻፉ ናቸው። በዓሉ ዓረፍተ ነገሩን እንዲያ አጭርና ፈጣን ያደረገው ጋዜጠኝነቱ ነው ባይ ነኝ። ገጽ ያልቃል፣ ማተሚያ ቤት ይጠብቃል፤ ትርፍ ቃል የሚቀመጥበት ቦታ የለም።

አዲስ አድማስ ግን በቀላሉ 25 ዓመት አልደረሰም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በርካታ የግል ጋዜጦች ተዘጉ። መሥራቹ አሰፋ ጎሳዬም ጋዜጣው ገና ልጅ ሳለ ተለየው። ከዚያ የወረቀትና የኅትመት ዋጋ መጣ፤ ዋጋው ጨምሯል በተባለ ቁጥር ስንቱ አዘጋጅ ገጽ ቀነሰ፣ ስንቱ እስከነጭራሹ አቆመ! በመጨረሻ ደግሞ ስልኩ መጣ። ዛሬ መገናኛ ሰልፍ ላይ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ የየራሱን ያያል። ጮክ ብሎ የሚያነብ የለም።

ገጽ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቆረጠው የልብ ወለዱ እንደሆነ እኛ ጸሐፊዎች እናውቃለን። ማስታወቂያ አያመጣም፣ ዜና አይደለም፣ ለነገ ቢባል የሚቆጣ የለም። የምፈራው እሱን ነው። አዲስ ጸሐፊ መጽሐፍ ለማሳተም ብር የለውም፤ አሳታሚም አያውቀውም። የጋዜጣ ገጽ ከታጠፈበት የት ሄዶ ይለማመዳል?

ስለዚህ ልለምናችሁ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢም ሁኑ፣ ገርጂ፣ ሲኤምሲ ወይም አያት፣ ቅዳሜ አዟሪው ሲያልፍ አስቁሙትና አንድ ጋዜጣ ግዙ። የልብ ወለዱን ገጽ መጀመሪያ አንብቡት። ከወደዳችሁት ለአዘጋጁ ጻፉለት፤ ካልወደዳችሁትም ጻፉለት። እናንተ ወጣት ጸሐፊዎች ደግሞ በመሳቢያ የቆለፋችሁትን አውጡና ላኩ።

አዲስ አድማስ፣ እንኳን ለ25ኛ ዓመትህ አደረሰህ!