ለጌም የጆሮ ማዳመጫ ሲገዙ፡- ለ“7.1” ከመክፈልዎ በፊት

ካውንተር ስትራይክና ቫሎራንትን በመሳሰሉ የተኩስ ጌሞች ተጫዋቹ ባላጋራውን ከማየቱ በፊት ኮቴውን ይሰማል፡፡ ኮቴው ከየት እንደመጣ ቀድሞ የለየ፣ ቀድሞ ይተኩሳል፡፡ በብዙ የጌም ማዳመጫዎች ካርቶን ላይ “7.1 ሰራውንድ” የሚል ጽሑፍ በጉልህ የሚታተመውም ለዚሁ ነው፡፡ ለራሱም ሆነ ለልጁ የሚገዛ ሰው የጽሑፉን ትርጉም ሳያውቅ ገንዘቡን ባያወጣ ይመረጣል፡፡

ጆሮ አቅጣጫን እንዴት ይለያል?

በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብት በሚሰማራበት የጨፋ ሸለቆ፣ ሣር የጋረዳት ላም ስትጮህ እረኛው አቅጣጫዋን የሚያውቀው በሁለት ጆሮዎቹ ነው፡፡ ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮ ዘንድ ቀድሞ ይደርሳል፤ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ቢሆንም አንጎል ይለየዋል፡፡ ግራ ጆሮ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ጭንቅላት ስለሚጋርደው ይደክማል፡፡ ፊትና ኋላን፣ ላይና ታችን ለመለየት የሚረዳው የውጭው ጆሮ ቅርጽ ነው፡፡ እረኛው ከተጠራጠረ ራሱን ዘወር ያደርጋል፡፡ ማዳመጫ ያጠለቀ ሰው ግን ራሱን ቢያዞር ድምፁም አብሮት ይዞራልና በማውስ የጌሙን እይታ ማዞር አለበት፡፡

ሰባት ወይስ ሁለት?

“7.1” ከሚባሉት ማዳመጫዎች አብዛኞቹ ያላቸው ለየጆሮው አንድ፣ በድምሩ ሁለት ስፒከር ነው፡፡ ቀሪው የሶፍትዌር ስሌት ነው፡፡ ተመሳሳዩን ስሌት ካውንተር ስትራይክ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ቫሎራንት በ2021 በጌሙ ውስጥ አካተውታል፤ ተጨማሪ ክፍያ የለውም፡፡ የጌሙንና የማዳመጫውን ሰራውንድ ደርቦ መክፈት ግን አቅጣጫን ያደበላልቃል፡፡ ከሁለቱ አንዱን ይዝጉ፡፡

ምን ይመረጥ?

ጥሩ ባለ ገመድ ስቴሪዮ ማዳመጫ ይበቃል፡፡ ብሉቱዝ ድምፁን ስለሚያዘገይ ለውድድር አይመከርም፤ ገመድ አልባ ካስፈለገ በዩኤስቢ የሚሰካ የራሱ መቀበያ ያለው ይሻላል፡፡ ጀርባው ክፍት የሆነ ማዳመጫ ድምፁን ሰፋ አድርጎ ያሰማል፤ ነገር ግን የውጭ ጫጫታ ያስገባል፡፡ የአዲስ አበባ - ደሴ አውራ ጎዳና በሚያልፍባት ከሚሴ መንገድ ዳር ለሚጫወት ሰው ጀርባው ዝግ የሆነው ይስማማዋል፡፡ 250 ኦም የሚል የተጻፈበት ማዳመጫ በአብዛኛው ማጉያ ስለሚፈልግ 32 ኦም አካባቢ ያለውን ይምረጡ፡፡

ከመክፈልዎ በፊት

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ዕቃውን ስላየ ብቻም እንዲገዛ ያለመገደድ መብት ደንግጓል፡፡ እንግዲያው “ስንት ስፒከር አለው?” ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፡፡ ዓይንዎን ጨፍነው ግራና ቀኙ ሳይምታታ መሰማቱን ይሞክሩ፤ ደረሰኝዎንም ይያዙ፡፡ ከከሚሴ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የገዛ ሰው ለመመለስ ሌላ የመንገድ ወጪ እንደሚጠብቀው ልብ ይሏል፡፡

በመጨረሻም፣ ኮቴ ለመስማት ሲሉ ድምፁን እስከ ጥግ አይክፈቱት፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ወሰን 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፡፡ ማዳመጫ ቢበላሽ ይለወጣል፤ በጫጫታ የተጎዳ የመስማት ችሎታ ግን አይመለስም፡፡