ከሐይቅ እስከ ወልድያ፦ የተዘለለው መንገድ

ላሊበላን ለማየት ከአዲስ አበባ በመኪና የተነሳ እንግዳ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ወልድያ ይደርሳል። እዚያ ያድርና ሲነጋ ወደ ግራ ታጥፎ የድልብን ዳገት ይያያዘዋል። ሐይቅን፣ ውጫሌንና መርሳን ያለፋቸው በመስኮት እያየ ነው። ብዙ ነገር አምልጦታል።

በጎርጎሮሳውያኑ 1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንዲህ አልተቻኮለም። ስድስት ዓመት በአገሩ ቆይቶ የጻፈው መጽሐፍ በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ስለ ላሊበላ ሲተርክ አንባቢ አያምነኝም ብሎ እስከ መማል ደርሷል። የሐይቅ እስጢፋኖስንም አልረሳውም፦ ሎሚና ብርቱካን የሞላበት፣ መነኮሳቱ በደንገል ታንኳ የሚመላለሱበት ደሴት ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከአቡነ ኢየሱስ ሞዐ እግር ሥር የተማሩበት ይህ ገዳም ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ ታንኳ ሳያስፈልግ በእግር ይገባበታል።

ውጫሌ ቀጥሎ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል፣ በ17ኛው አንቀጹ የተነሳ አድዋን አስከተለ።

ከዚያ መንገዱ ወደ ሀብሩ ቆላ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። መርሳ ላይ አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ማንጎ፣ ፓፓያና ብርቱካን የያዙ ወጣቶች መስኮቱን ይከቡታል። ብሩ ወደ ታች፣ ፌስታሉ ወደ ላይ። የቆረጡት ብርቱካን ጣትን አርሶ እስከ ወልድያ ይሸታል። አገሩ የጁ ነው፤ በዘመነ መሳፍንት ከጎንደር ነገሥታት ጀርባ ሆነው አገር የገዙት እነ ራስ ጉግሳና ራስ ዓሊ የዘር ሐረጋቸው ከዚህ ይመዘዛል። በእስልምና ትምህርት ስመ ጥር የሆነው ዳናም በየጁ ነው። የገዳም ደወልና የአዛን ድምፅ በአንድ መንገድ ላይ ተጎራብተው የሚሰሙበት አገር ነው።

ኮሮና እንግዳውን አስቀረ፤ በ2013 ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያና ላሊበላ ገባ፤ ከዚያም በኋላ አካባቢው ሙሉ ዕረፍት አላገኘም። አስጎብኚውም፣ አልጋ አከራዩም፣ የመርሳዋ ፍራፍሬ ሻጭም አብረው ተጎዱ። ሰላም ሲመለስ የጉዞው ፕሮግራም እንደ ድሮው ላሊበላን ብቻ ይዞ መውጣት የለበትም። ወልድያ ላይ አንድ ሌሊት መጨመር ይበቃል፦ ጠዋት ወደ ደቡብ ተመልሶ መርሳ ላይ ቁርስ፣ ረፋዱን ይስማ ንጉሥ፣ ከሰዓት ሐይቅ ዳር የተጠበሰ ዓሣ።