እሑድ የማን ነው?

ዕለቱ እሑድ ነው፤ ጁን 24 ቀን 1855። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።) ከቀትር በኋላ በለንደኑ ሀይድ ፓርክ መናፈሻ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተሰብስቧል። ሠራተኛው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መጥቷል። በመናፈሻው ውስጥ ሰርፐንታይን የሚባል ሐይቅ አለ። በሐይቁ ዳርቻ በሚያልፈው መንገድ የከተማይቱ መኳንንትና ወይዛዝርት እሑድ እሑድ በሠረገላ መንሸራሸር ልማዳቸው ነበር፤ ሠረገላ ነጂው ከፊት፣ የደንብ ልብስ የለበሰው አሽከር ከኋላ፣ ጌቶች ከመካከል። ሕዝቡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ ጠበቃቸው። ሠረገሎቹ ብቅ ማለት ሲጀምሩ ሳቅና ፉጨት፣ ጩኸትና ስድብ ወረደባቸው። ደጋግሞ ይሰማ የነበረው ጩኸት ግን «ቤተ ክርስቲያን ሂዱ!» የሚል ነበር።

ይህን ብቻ የሰማ ሰው ምእመናን ሃይማኖት በጎደላቸው ባለጠጎች ላይ የተነሡ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ጠቡ የሱቅ ጠብ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሎርድ ሮበርት ግሮቭነር የተባሉ የፓርላማ አባል በለንደን ከተማ በእሑድ ቀን መነገድን የሚከለክል ረቂቅ ሕግ አቅርበዋል። ሰውየው መንፈሳዊ ሰው ነበሩ፤ ክፉ አስበው ነው ለማለት አልደፍርም። እንደ እሳቸው አባባል ሕጉ ሳምንቱን ሙሉ ቆሞ የሚውለውን ትንሽ ነጋዴ ያሳርፈዋል። ይሁንና የለንደን ሠራተኛ በዚያ ዘመን ደመወዙን የሚቀበለው ቅዳሜ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ከመሸ በኋላ ነበር። የሚኖርበት አንድ ክፍል ቤት ሥጋና ወተት የሚያሳድር ጓዳ የለውም። ስለዚህ የሰንበት ምሳውን የሚገዛው እሑድ ጧት ነው። ሄንሪ ሜይሁ የተባለው ጋዜጠኛ ስለ ለንደን ድሆች በጻፈው ሰፊ መጽሐፍ፣ በላምቤዝ ሠፈር ኒው ከት በሚባለው መንገድ ቅዳሜ ማታና እሑድ ጧት ይደራ የነበረውን ገበያ ከነሁካታው አስፍሮታል። ትልልቆቹ መደብሮች ድሮውንም እሑድ ይዘጉ ነበር፤ ደንበኞቻቸው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ፋታ ያላቸው ናቸውና። እንግዲህ የሕጉ ሸክም የሚያርፈው በትንሹ ቸርቻሪና በደንበኛው ትከሻ ላይ ብቻ ነበር።

ለመሆኑ የጌታው ሰንበት በማን ጉልበት ነበር የሚከበረው? ፈረሱን የሚያጥበው፣ ሠረገላውን የሚነዳው፣ ወጡን የሚሠራው፣ በሩን የሚከፍተው ሁሉ እሑድም ሥራ ላይ ነው። ረቂቁ ስለ እነዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በዚያ ላይ ገና በ1854 የወጣ ሌላ ሕግ የመጠጥ ቤቶችን የእሑድ ሰዓት አሳጥሮ ነበር፤ መኳንንቱ የሚጠጡባቸው ክለቦች ግን አልተነኩም። እንግዲህ «ቤተ ክርስቲያን ሂዱ!» የሚለው ጩኸት ትርጉሙ «ለእኛ ያወጣችሁትን ሕግ እስቲ እናንተ ቅመሱት» ማለት ነበር። ይህን ነገር ቻርልስ ዲክንስ ወጣት ሳለ፣ በ1836፣ ጢሞቴዎስ ስፓርክስ በሚል የብዕር ስም ባሳተማት ትንሽ መጽሐፍ አስቀድሞ ተናግሮት ነበር። በዚያን ጊዜ የሰንበት ሕግ ያጠብቁ የነበሩት ሰር አንድሩ አግኒው የተባሉ ሌላ የፓርላማ አባል ነበሩ።

በሳምንቱ፣ ጁላይ 1 ቀን፣ ፖሊስ ስብሰባ ከለከለ። ሕዝቡ ክልከላውን ሰምቶ ካለፈው ይበልጥ ሆኖ መጣ። ፖሊስ በዱላ ገባበት። በማግሥቱ ረቂቁ ከፓርላማ ተነሣ፤ ኋላም አጣሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ አንዳንድ ፖሊሶች ከመጠን ማለፋቸውን መሰከረ። በዚያ ሕዝብ መካከል በስደት ለንደን ይኖር የነበረ ካርል ማርክስ የሚባል ጀርመናዊ ነበር። ያየውን ሁሉ ለአንድ የአገሩ ጋዜጣ ሲጽፍ፣ የእንግሊዝ አብዮት በሀይድ ፓርክ ጀመረ ብሎ አረፈው። እንዳልጀመረ እናውቃለን። የእኛ አገር አብዮተኞች የማርክስን ትንቢት ሲያጠኑ ይህችኛዋን አስበዋት ያውቁ እንደሆነ እንጃ።

የእሑድ ሕግ ሥሩ ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በ321 ባወጣው ትእዛዝ ዳኞችና የከተማ ሰዎች በእሑድ እንዲያርፉ፣ የእጅ ሥራ ቤቶችም እንዲዘጉ አዘዘ። ገበሬውን ግን ተወው፤ ለዘርና ለወይን ተከላ የተመቸ ቀን እንዳያልፍበት ብሎ። የመጀመሪያው የእሑድ ሕግ ገና ሲወለድ ከልዩ ፈቃድ ጋር ተወለደ ማለት ነው። ለእኛም የሰንበት ሙግት እንግዳ አይደለም። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ስለ ቀዳሚት ሰንበት ስንት መከራ እንዳዩ፣ በመጨረሻም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ እንዳስወሰኑ አንባቢ ያውቃል። እንዲያም ሆኖ «ቅዳሜ ገበያ» የሚባል ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። የእኛ ሙግት የትኛው ቀን ይከበር የሚል ነበር፤ የእንግሊዞቹ ግን በተከበረው ቀን ምን ይሸጥ ወደሚለው ወረደ።

በ1448 በንጉሥ ሄንሪ ስድስተኛ ዘመን በእሑድ ገበያ ማቆም ተከለከለ፤ በመከር ወራት ያሉ አራት እሑዶች ብቻ ተፈቀዱ። በ1677 በዳግማዊ ቻርልስ ዘመን የወጣው ሕግ ደግሞ በእሑድ ተራ ሥራውን የሠራ ሰው አምስት ሽልንግ እንዲቀጣ ደነገገ። ወተት ግን ከጧቱ ሦስት ሰዓት በፊትና ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ እየጮኹ መሸጥ ይቻል ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ማክሬል የሚባለው ዓሣም ከቅዳሴ በፊትና በኋላ እንዲሸጥ ተፈቀደለት። ማክሬል ቶሎ የሚሸት ዓሣ ነው፤ ሕግም ቢሆን አፍንጫ አለው።

እስካሁን ያየነው በአብዛኛው የሰባኪና የመኳንንት ሕግ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ግን ሌላ ተከራካሪ ብቅ አለ፤ እሱም ከባንኮኒው ኋላ የሚቆመው የሱቅ ሠራተኛ ነው። በ1886 የወጣው ሕግ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ የሱቅ ሠራተኞች በሳምንት ከ74 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። አንባቢ ልብ ይበል፤ 74 ሰዓት ለልጆቹ እንደ ርኅራኄ የተቆጠረ ነው፣ ለአዋቂዎቹማ ገደብ አልነበረም። በ1911 ለሱቅ ሠራተኛ በሳምንት ግማሽ ቀን ዕረፍት በሕግ ተሰጠው። በዚህ ጊዜ የሱቅ ባለቤቶችም ራሳቸው ሕግ ይውጣልን ማለታቸው አይቀርም ነበር። ምክንያቱ ለነጋዴ ግልጽ ነው፤ እኔ ዘግቼ ጎረቤቴ ከከፈተ ደንበኛዬ ወደ እሱ ይሄዳል፣ ስለዚህ እሱ ካልዘጋ እኔም አልዘጋም። ሁለቱም ማረፍ ፈልገው ሁለቱም ሳያርፉ ይኖራሉ። ከመካከላቸው ገብቶ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊያዘጋ የሚችለው ሕግ ብቻ ነው። በ1936 የወጣው የእሑድ ንግድ ሕግ በዚህ መንፈስ የተጻፈ ነበር። ቅዳሜን የሚያከብሩ አይሁድ ነጋዴዎች ሰንበታቸውን ዘግተው ከዋሉ እሑድ እስከ ስምንት ሰዓት እንዲሸጡ መፍቀዱም የሚመሰገን ነው።

ያ ሕግ በ1950 ወደ አጠቃላዩ የሱቆች ሕግ ተጠቃለለ። ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ በእሑድ ሊሸጡ የሚችሉ ነገሮችን በዝርዝር አስቀመጠ፤ ዝርዝሩም ጊዜ ሲያልፍበት መሣቂያ ሆነ። ትኩስ ወተት መሸጥ ይቻላል፤ የዱቄት ወተት አይቻልም። ስለዚህ ሕፃን የያዘች እናት ጂን መግዛት ትችላለች፣ የልጇን ወተት ግን አታገኝም። የተቀቀለ ጨጓራ ይፈቀዳል። የበሰለ ምግብ ይዞ መሄድ ይፈቀዳል፤ የእንግሊዞች ብሔራዊ ምግብ የሆነው የተጠበሰ ዓሣና ድንች ግን ከራሱ ከዓሣ መጥበሻው ቤት አይሸጥም። መጽሔት በእሑድ ይሸጣል፤ ራቁት ሴቶች የታተሙበትም ቢሆን መጽሔት ነው። መጽሐፍ ግን ከባቡርና ከአውሮፕላን ጣቢያ በቀር ስለማይሸጥ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በጌታ ቀን ከመጻሕፍት መደብር መግዛት ሕገ ወጥ ሆኖ ተገኘ።

ወይዘሮ ማርጋሬት ታቸር ይህን ሁሉ ጠራርገው ለመጣል ተነሡ። መንግሥታቸው ያቀረበው ረቂቅ ሱቆች በፈለጉት ሰዓት እንዲከፍቱ የሚፈቅድ ነበር። በፓርላማ 140 ያህል ብልጫ ስለነበራቸው ማንም ይሸነፋሉ ብሎ አልገመተም። ኤፕሪል 14 ቀን 1986 ሌሊት ድምፅ ሲቆጠር 296 ለ282 ተሸነፉ። ከራሳቸው ወግ አጥባቂ ፓርቲ 72 እንደራሴዎች ከድተዋቸው ነበር። በሥልጣን ዘመናቸው አንድ ሙሉ ረቂቅ ሕግ የወደቀባቸው ያን ሌሊት ብቻ ነው። የጣላቸው ማን ነው ቢባል፣ ቤተ ክርስቲያንና የሱቅ ሠራተኞች ማኅበር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ነው።

ወደ ሀይድ ፓርክ እንመለስ። በ1855 ሠራተኛው «ሱቅ አይዘጋም!» ብሎ በዱላ ተደበደበ። በ1986 የሠራተኛው የልጅ ልጅ ልጆች «ሱቅ አይከፈትም!» ብለው ከጳጳሳት ጋር ተሰለፉ። ላይ ላዩን ላየው አቋም የለወጡ ይመስላሉ፤ እኔ ግን አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የጠየቁት እላለሁ። በ1855 ሠራተኛው ገዢ ነበር፤ እሑድ ከተዘጋበት የሚበላው የለውም። በ1986 ደሞዙን በሳምንቱ መካከል የሚቀበል፣ ቤቱ ማቀዝቀዣ ያለው፣ በዚያ ላይ ከባንኮኒው ኋላ የሚቆመው እሱ ራሱ ነው። አሁን እሑድ ከተከፈተ የሚያጣው ዕረፍቱን ነው። በሁለቱም ጊዜ በሠረገላው ውስጥ የተቀመጠው ሌላ ነው።

ትልልቆቹ ነጋዴዎች ግን ፓርላማን አልጠበቁም። ቢ ኤንድ ኪው የተባለው የቤት ማደሻ ዕቃ ሻጭ በእሑድ ከፍቶ ሲከሰስ፣ ክልከላው የአውሮፓን የነጻ ንግድ ውል ይጥሳል ብሎ እስከ ሉክሰምቡርግ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገተ። ሙግቱ እስከ 1992 ተጎትቶ ፍርድ ቤቱ ክልከላው ውሉን አይጥስም አለ። ያን ጊዜ ግን ረፍዶ ነበር። በ1991 ገና በዓል ሲቃረብ ቴስኮን የመሰሉ ታላላቅ ሱፐርማርኬቶች ሕጉ እየከለከለ በራቸውን ከፍተው ነበርና። ደሃው ቸርቻሪ ሕግ ሲጥስ ይቀጣል፤ ታላቁ ሲጥስ ሕጉ ጊዜው አልፎበታል ይባላል።

ዲሴምበር 8 ቀን 1993 እንደራሴዎቹ አማራጮች ቀርበውላቸው መካከለኛውን መረጡ። በሚቀጥለው ዓመት ኦገስት በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ለእንግሊዝና ለዌልስ ነው፤ ዛሬም እንደ ጸና ነው። ከ280 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ሱቅ እንደፈለገ ይክፈት፤ ከዚያ የሚበልጠው ከጧቱ አራት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስድስት ሰዓት ብቻ። በፋሲካ እሑድ ትልልቆቹ ይዘጋሉ። የሱቅ ሠራተኛም በእሑድ አልሠራም የማለት መብት አለው፤ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል እንጂ አይባረርም። በለንደን እሑድ ጧት ወደ ሱፐርማርኬት የሄደ ሰው ሰዓቱ ከመድረሱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ በሩ ተከፍቶ፣ ሰዉ ቅርጫቱን ሞልቶ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ግን እጇን አጣጥፋ ሰዓት ስትጠብቅ ያያል። ማየት አልተከለከለም፣ መሸጥ እንጂ።

ሕጉ አያምርም፤ ቢሆንም ከ1950ው ዝርዝር ይሻላል ባይ ነኝ። ድካሙ ሌላ ቦታ ነው። አልሠራም የማለት መብት ተቀጥሮ ላለ ሰው ነው፤ ገና ሥራ የሚለምነው «እሑድ ትሠራለህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አልሠራም» ካለ ማን ይቀጥረዋል? ለእሑድ ሥራ ይከፈል የነበረው ተጨማሪ ክፍያም በሕጉ ውስጥ ስላልተጻፈ በየመደብሩ ቀስ በቀስ ተሸርሽሯል።

በ2012 ለኦሎምፒክ ጨዋታ ሲባል ገደቡ ለስምንት እሑዶች ተነሣ። በ2016 መንግሥት ውሳኔውን ለየአካባቢው አስተዳደር ልስጥ ብሎ ማርች 9 ቀን 317 ለ286 ተሸነፈ። በዚህ ጊዜ ሚዛኑን የደፉት የስኮትላንድ ብሔርተኞች ናቸው። የሚገርመው፣ ስኮትላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ አጠቃላይ የሱቅ ሕግ ኖሮ አያውቅም። ሰንበትን በማክበር ከእንግሊዝ የባሱ ነበሩና ሕግ የሚያስፈልጋቸው አልመሰላቸውም። ልማዱ ሲላላ ከልካይ የሌለበት አገር ሆነ። እንደራሴዎቹ የተቃወሙት፣ በእንግሊዝ ገደቡ ከተነሣ ታላላቆቹ መደብሮች የእሑድ ክፍያን በመላው አገር ይቀንሱብናል፣ የእኛም ሠራተኛ ይጎዳል ብለው ነው።

በስተሰሜን ምዕራብ ባሕር ላይ ያለችው የሉዊስ ደሴት ብቻ ከሁሉም ቆይታ ዘለቀች። ከዋና ከተማዋ ከስቶርኖዌይ በእሑድ መርከብ የተነሣው ገና በ2009 ነው። የከተማዋ ቴስኮ በእሑድ የከፈተው ደግሞ በኖቬምበር 2024፤ ከነዋሪው ገሚሱ ተቃውሞ ፊርማ አሰባስቦ ነበር፣ ገሚሱም ዕቃ ሊገዛ ገባ።