በብርሃን የሚፈስ ፖሊመር

በብርሃን የሚፈስ ፖሊመር ማለት ሳያሞቁት፣ ተስማሚ ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ ከጠጣርነት ወደ ፈሳሽነት የሚለወጥ፣ በሌላ ቀለም ብርሃን ደግሞ ተመልሶ የሚጠጥር ቁስ ነው። ከእነዚህ ቁሶች በሰፊው የተጠኑት አዞቤንዚን የተባለውን ሞለኪውል በሰንሰለታቸው ላይ የተሸከሙት ናቸው።

አሠራር

አዞቤንዚን ሁለት የቤንዚን ቀለበቶች በሁለት ናይትሮጅን አቶሞች የተያያዙበት ሞለኪውል ነው (ይህ ቤንዚን የመኪናው ነዳጅ አይደለም)። ሁለት ቅርፅ ይይዛል፤ ቀጥ ያለው ትራንስ፣ የታጠፈው ሲስ ይባላል። 365 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው አልትራቫዮሌት ብርሃን ትራንሱን ወደ ሲስ ይለውጠዋል፤ የሞለኪውሉም ርዝመት ከ0.9 ወደ 0.55 ናኖሜትር ገደማ ያጥራል። የሚታይ ብርሃን ወይም ሙቀት ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል።

ቀጥ ያሉ ሞለኪውሎች እንደ ተደረደረ እንጨት ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። የታጠፉት ግን ስለማይገጣጠሙ ሰንሰለቶቹ ይላላሉ። ማንኛውም እንዲህ ያለ ፖሊመር ከተወሰነ የሙቀት መጠን በታች ደረቅ፣ ከዚያ በላይ ለስላሳ ነው። በተለመደው መንገድ ፕላስቲክን ለማለስለስ ሙቀቱን ከዚህ ወሰን በላይ ማሳደግ ያስፈልጋል። እዚህ ግን የቁሱ ሙቀት ባለበት ሆኖ ወሰኑ ራሱ ከክፍል ሙቀት በታች ይወርዳል። ስለዚህ ነገሩን «መቅለጥ» ማለት አሳሳች ነው።

ታሪክ

አዞቤንዚንን በ1834 እ.ኤ.አ. የገለጸው ጀርመናዊው ኬሚስት አይልሃርት ሚቸርሊክ ነው። ሲስ ቅርፁ ግን እስከ 1937 አልታወቀም ነበር፤ ያገኘው ሃርትሊ ነው። በ2012 የጃፓን ተመራማሪዎች ከስኳር አልኮል ላይ የአዞቤንዚን ክንዶችን ቀጥለው በብርሃን የሚፈስና የሚጠጥር ውህድ ሠሩ፤ ይህ ግን ፖሊመር አልነበረም። በ2017 በጀርመን ማይንትስ በማክስ ፕላንክ የፖሊመር ምርምር ተቋም የተመራ ቡድን በፖሊመሮች ላይ የወሰኑን መውረድ አሳየ።

ጥቅምና ገደብ

የተጫረ ገጽ በብርሃን ፈሶ ጭረቱን ሊሞላ ይችላል። ሁለት መስታወት ያጣበቀ ማጣበቂያም ሳይሰበሩ እንዲላቀቁ ሊያደርግ ይችላል።

ትልቁ ችግር ጥልቀት ነው። አዞቤንዚን አልትራቫዮሌትን አጥብቆ ስለሚውጥ ብርሃኑ ከላይኛው ስስ ንብርብር ብዙም አያልፍም፤ ወፍራም ቁራጭ ከሆነ ውስጡ እንደጠጠረ ይቀራል። በተጨማሪም አዞቤንዚን ያለው ሁሉ አይፈስም፦ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ በኬሚካል የተሳሰሩበት ፖሊመር ብርሃን ሲያርፍበት ሊታጠፍ ይችላል እንጂ አይፈስም።